ስለ መኪና የኋላ ሴንሰርና በመንገዳችን ላይ ስለ ደረሰው ነገር

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር። መገኘት ያልቻሉ አባላት ስለ ጠየቁ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)



 ዛሬ የምንናገረው ስለ ዘበኛ ደመወዝ አይደለም፤ ስለ ቆሻሻ መኪናውም አይደለም፤ እሱ በሚቀጥለው ወር ይቀርባል። የዛሬው ጉዳያችን በመኪና ፓራውልት ላይ፤ ወጣቶቹ ባምፐር በሚሉት ላይ፤ ተሰክታ ስለምትገኝ አንዲት ክብ ነገር ነው። ሃምሳ ሳንቲም ብታህል ነው። «ለዚች ብላችሁ ነው የሰበሰባችሁን?» የሚል ሰው ይኖራል። አንድ አባታችንም በር ላይ ይኸንኑ ብለውናል። መልሳችን አዎን፤ ለዚችው ብለን ነው የሚል ነው።

የሆነውን ነገር ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ግን በየቤቱ ሌላ ሌላ ሆኖ ስለሚወራ እንደ ነበረ ብናስቀምጠው ይሻላል።

ባለፈው ዓመት የአሸዋና የብሎኬት መኪናዎች በጠባቡ መንገዳችን እየገቡ የውኃ ቧንቧ ሁለት ጊዜ ሰበሩብን። በዚህ ምክንያት በመግቢያው ግራና ቀኝ የብረት ቱቦ እንዲተከል በዚሁ አዳራሽ እጅ አውጥተን ወሰንን። ቱቦውን የገዛነውም ያስተከልነውም እኛ ኮሚቴዎቹ ነን። ቀጭን ነው፤ ቀለም አልተቀባም፤ ማታ ከጨለማው አይለይም። ይኸን አስቀድመን የምንናገረው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

አንድ አባላችን ከለቅሶ ቤት አምሽተው ሲመለሱ መኪናቸውን ወደ ኋላ እያዞሩ ሳለ ከዚያ ቱቦ ጋር ተነካኩ። ፓራውልቱ ጭረት ብቻ ነው የወጣበት። ከአራቱ ሴንሰሮች አንደኛው ግን ወደ ውስጥ ገብቶ በሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ የኋላ ማርሽ ባስገቡ ቁጥር ያለ ማቋረጥ ይጮኽባቸው ጀመር። ጋራዥ ወሰዱት። «ፓራውልቱ በሙሉ ይቀየራል፤ ቀለምም ይቀባል» ተባሉ። የተነገራቸውን ዋጋ እዚህ አንጠራውም፤ የሰማ ሁሉ ጭንቅላቱን ይዟል። ስለዚህ «ገንዘብ ሲገኝ ይሠራል» ብለው ድምፁን በመዝጊያው ዘጉት። ማናችን ነን እንዲህ የማናደርግ?

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ጧት ያው መኪና ወደ ኋላ ሲወጣ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ብስክሌቱን ከመኪናው ኋላ አቁሞ ጎንበስ ብሎ ብይ ይለቅም ነበር። ጉሊት የምትቸረችረው እኅታችን ባትጮኽ ኖሮ ዛሬ ንግግራችን ሌላ ይሆን ነበር። ልጁ ወደ ግንቡ ተወረወረ፤ ጎማው ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ቆመ። ልጁን ምንም አልነካውም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ብስክሌቱ ግን እንደ ቆርቆሮ ተጣጥፏል። አባላችን ከመኪናው ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቀሩ፤ ለመቆም እንኳ ጉልበት አልነበራቸውም። የልጁ እናትም በቁጣ የተናገሩትን ሁላችንም ሰምተናል፤ አንፈርድባቸውም።

እንግዲህ ይህች ሴንሰር የምትባለው ነገር ምንድን ናት? እኛ መካኒክ አይደለንም። ነገር ግን በጋራዥ ሥራ የሚተዳደር የሠፈራችን ልጅ በአባላችን ግቢ መኪናውን ሲጠግን አምፖል ይዘን ቆመን አይተናል፤ እየጠየቅንም በደብተር ጽፈናል።

ነገሩ የገደል ማሚቶ ነው። ከገደል ፊት ቆመህ ብትጮኽ ድምፅህ ተመልሶ ይመጣል አይደለም? ሴንሰሯም እንዲሁ ትጮኻለች፤ ግን በሰከንድ 40,000 ጊዜ ገደማ በሚርገበገብ ድምፅ ስለሆነ የሰው ጆሮ አይሰማውም። የእኛ ጆሮ 20,000 ላይ ያበቃለታል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ ሜትር ርቆ ካለ ግንብ ደርሶ ለመመለስ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ስድስት ያህሉ ይበቃዋል። መሣሪያው ይኸን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ያውቃል፤ ለነጂውም ጢጥ ጢጥ እያለ ይነግረዋል። በአብዛኛው መኪና ላይ ከኋላ አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ሲደርስ ይጀምራል፤ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲቀር ሳያቋርጥ ይጮኻል። ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። በፈረንጆች 1982 ቶዮታ በኮሮና መኪናው ላይ አውጥቶት ነበር። ኮሮናን የማያውቅ እዚህ የለም፤ ወደ እኛ አገር የመጡት ግን ይህ ነገር የሌላቸው ነበሩ፤ አንገታችንን አዙረን ነበር የምንነዳው።

አሁን ወደ ጥገናው እንግባ። ሴንሰሯ ከቦታዋ ስትወጣ ሦስት ዓይነት ጉዳት ሊኖር ይችላል፤ የቱ እንደ ሆነ ሳያውቁ እጅ ማስገባት ነገር ማበላሸት ነው። ከፋብሪካ ጋር የመጣች ከሆነች ከፓራውልቱ በስተ ውስጥ የተጣበቀ የፕላስቲክ ቤት አላት፤ ቤቱም በሁለት ጆሮ ይይዛታል። አንዳንድ ጊዜ ከጆሮዎቹ ሾልካ ትወጣለች እንጂ የተሰበረ ነገር የለም፤ ይኸ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ቀጭ እስክትል ወደ ቦታዋ መመለስ ነው። ሁለተኛው ጆሮው ተሰብሮ ሲገኝ ነው፤ ያን ጊዜ ቤቱ ብቻ ይለወጣል። ሦስተኛውና የአባላችን መኪና ላይ የደረሰው፤ ቤቱ ራሱ ከፓራውልቱ ተላቆ ሲወድቅ ነው። ይኸ በሙጫ ይመለሳል። በኋላ በገበያ ተገዝታ የተገጠመች ከሆነች ግን ብዙ ጊዜ ቤት የላትም፤ በተበሳው ቀዳዳ ከውጭ ተገፍታ የገባች ናት፤ ጎማዋ ወይም ክንፎቿ ካልተበጠሱ ተመልሳ ትገባለች።

የሠፈራችን ልጅ ገና ሲያየው ለአባላችን፤ «ጋሼ፤ ይቺ እኮ ፓራውልት የሚያስለውጥ ጉዳይ አይደለችም» አላቸው። አባላችን ያን ጊዜ የሳቁት ሣቅ የንዴት ነው።

በመጀመሪያ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። የእኛ መንገድ ተዳፋት ስለሆነ እዚያ ላይ አይሠራም። ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉ ከመኪናው ይውጣና በሠራተኛው ኪስ ይግባ፤ የእጅ ፍሬን ይሳብ፤ በጎማውም ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ይኸን ስንናገር የሰለቻችሁ ይኖራችኋል፤ ግን በክሪክ ሥር የሞተ ሰው የለቅሶ ድንኳን ተክለን እናውቃለን።

በቀዳዳው በኩል ጣት ከቶ ሴንሰሯን ለመጎተት መሞከር አይገባም፤ ጭራሽ ወደ ውስጥ ትገፋለች። በሽቦዋም አትጎተትም፤ ሽቦው ከተበጠሰ ሌላ ወጪ ነው። ከፓራውልቱ ሥር ወይም ከኋላ ጎማው ጎን ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ ቡሎኑንና ቁልፎቹን በካቻቢቴ ፈትቶ እጅን ማስገባት ይቻላል። የፕላስቲክ ቁልፎቹን በኃይል የሚነቅል ሰው በኋላ ይጸጸታል። መላውን ፓራውልት ማውረድ የሚያስፈልገው እጅ የማይደርስበት መኪና ላይ ብቻ ነው። እኛ ባየነው ከሥር በኩል በቀላሉ ተደርሶበታል፤ መሸፈኛውን ለመፍታት የወሰደው ጊዜ ቡና ከሚፈላበት አይበልጥም።

ከዚያ ማጽዳት ነው። ጭቃው በውኃ ይታጠባል፤ በደንብ ይደርቃል፤ ከዚያ ቤቱና የሚጣበቅበት የፓራውልቱ ውስጠኛ ገጽ በፋርማሲ አልኮል ይጠረጋል። አንድ ወንድማችን «አረቄስ አይሆንም ወይ?» ብሎ ጠይቋል። አረቄ ውኃ አለበት፤ አይሆንም፤ ለሌላ ይቀመጥ። ከተጠረገ በኋላ ሁለቱም ገጾች በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ይሻከራሉ፤ እንደ ገናም በአልኮል ይጠረጋሉ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አባላችንም ለካ ቀደም ሲል አንድ ጊዜ በሱፐር ግሉ ሞክረውት ኖሯል፤ በሦስተኛው ቀን ወደቀ። ለምን ወደቀ? አብዛኛው ፓራውልት ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ በውስጥ በኩል ፒፒ የሚሉ የፈረንጅ ፊደሎች ተጽፈውበት ይገኛል። ይኸ ፕላስቲክ እንደ ሰም ነው፤ ሙጫን አይቀበልም። ሱፐር ግሉ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ መኪናው ኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥ ይላቀቃል። ለፖሊፕሮፒሊን እንደሚሆን በቱቦው ላይ የተጻፈበት፤ ሁለቱ ተቀላቅለው የሚደርቁ ዓይነት ሙጫ ያስፈልጋል፤ ከሙጫውም በፊት የሚቀባ ፕራይመር አለው። ሻጩ «ሁሉንም ያጣብቃል» ቢል አትመኑት፤ ጽሑፉን አንብቡ፤ ወይም የሚያነብ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ።

ሴንሰሯ ለጊዜው ቤቷ ውስጥ ትገባና ፊቷ ከቀዳዳው ጋር እኩል እስኪሆን ከውጭ በፕላስተር ትያዛለች። ከዚያ ሙጫው በቤቱ ዙሪያ ብቻ ይደረጋል። በሴንሰሯ ላይ አይደረግም! ይኸን ሁለት ጊዜ እንላለን። በዙሪያዋ የተጠመጠመች ለስላሳ የጎማ ቀለበት አለች፤ እሷም እንድትጠፋ ወይም በሙጫ እንድትነካ አይፈለግም። ምክንያቱም ሴንሰሯ ስትጮኽ ራሷ ትርገበገባለች፤ ከፓራውልቱ ጋር በደረቅ ከተጣበቀች ፓራውልቱም አብሯት ይርገበገባል፤ እሷም ያንን የራሷን ርግብግቢት የገደል ማሚቶ መስሏት ባዶ ሜዳ ላይ ትጮኻለች። ሴንሰራቸው ያለ ምክንያት የሚጮኽባቸው ሰዎች አንዱ ችግር ይኸ ነው።

ሁለተኛው ችግር አቀማመጧ ነው። ወደ ታች ካዘነበለች መሬቱን እየሰማች ትጮኻለች፤ ወደ ላይ ካንጋጠጠች ደግሞ ዝቅ ያለውን ነገር ታልፋለች። ብዙዎቹ ላይ ወደ ላይ መሆን ያለበትን ጎን የሚያሳይ ቀስት አለ፤ ገልብጦ መክተት ጥሩ አይደለም። ጭረቱን ለመደበቅ ብሎ ፊቷ ላይ ስቱኮ ወይም ወፍራም ቀለም የሚለቀልቅም ሰው አይተናል፤ ጆሮዋን ደፈነ ማለት ነው። በክረምት ጭቃ ሲለጠፍባትም እንዲሁ ነው፤ እሱን ግን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ሙጫው በቱቦው ላይ የተጻፈለትን ሰዓት ይጠብቅ። እኛ አንድ ሌሊት ሙሉ አሳድረነዋል፤ ዝናብ እንዳይነካውም በላስቲክ ተሸፍኗል። በማግስቱ የውጩ ፕላስተር ተነሣ፤ የሽቦው መሰኪያ መግባቱ ታየ፤ መሸፈኛው ተመለሰ። ለሙጫው፤ ለፕራይመሩና ለአልኮሉ የወጣው ገንዘብ ጋራዡ ከጠየቀው ጋር ለንጽጽር እንኳ አይቀርብም። ልጁ የእጁን ዋጋ አልቀበልም አለ፤ አባላችን ግን በግድ ኪሱ ከተውለታል፤ ጥሩ አደረጉ።

ተሠራ ብሎ መተው ግን የለም፤ መፈተን አለበት። አንድ ሰው ከመሪው ኋላ ይቀመጣል፤ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ፤ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ የኋላ ማርሽ ያስገባል። ሌላው ሰው ከመኪናው ጎን ቆሞ፤ ከኋላው አላልንም፤ ከጎኑ፤ በረጅም ዱላ ጫፍ ካርቶን አስሮ ወደ እያንዳንዷ ሴንሰር ቀስ እያለ ያስጠጋል። ጢጥ ጢጡ እየፈጠነ መሄድ አለበት። አንዷ ዝም ካለች ጆሮን ከጎን ጠጋ አድርጎ ማዳመጥ ነው፤ የምትሠራዋ እንደ እጅ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ስትል ትሰማለች፤ የሞተችው ዝም ትላለች። አንዳንዱ መኪና ደግሞ አንዷ ብቻ ስትበላሽ አራቱንም ይዘጋና ማርሹ ሲገባ አንድ ረጅም ድምፅ ያሰማል፤ ይኸ ሰላምታ አይደለም፤ ብልሽት ነው ማለቱ ነው።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን ልዩ ጥንቃቄ አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከከለከለ ወዲህ በመንገዳችን ላይ የኤሌክትሪኮቹ ቁጥር እየጨመረ መሆኑን ታያላችሁ። እነዚህ የሞተር ድምፅ ስለሌላቸው ዝም ያሉ ይመስላሉ፤ ማርሽ ከገባ ግን ለመሄድ ዝግጁ ናቸው። በፈተናው ጊዜ ጆሮ ማስጠጋቱ ለእነሱ ይቅር፤ ዱላው ይበቃል። ሲሄዱም ልጆች አይሰሟቸውም፤ ስለዚህ ለእነሱ ሴንሰሩ ከሌላው ይልቅ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ እናቶች የጠየቁትን እንመልስ። «ሴንሰሩ ቢሠራ ኖሮ ልጁን ያይ ነበር?» ተብለናል። እውነቱን እንናገር፤ ምናልባት። ሰፊና ደረቅ ነገር፤ ግንብ፤ የቆመ መኪና፤ ጥሩ አድርጎ ይሰማል። ቀጭንና ክብ ነገር ላይ ድምፁ ወደ ጎን ይበተናል፤ የብስክሌት ብረትም እኛ የተከልነው ቱቦም እንዲህ ናቸው። ጋቢና የሱፍ ልብስ ድምፁን ይውጠዋል። ከፓራውልቱ በታች የጎነበሰ ልጅ ወይም ዝቅ ያለ ድንጋይ ሊያመልጠው ይችላል። ጉድጓድ ደግሞ ከቶ አያውቅም፤ ከተከፈተ ቱቦ አፍ ላይ ብትነዱት ዝም ብሎ ያስገባችኋል። ስለዚህ ወደ ኋላ ከመንዳት በፊት ወርዶ በመኪናው ዙሪያ መዞርን የሚተካ ነገር የለም። አባላችን አሁን በየቀኑ ይዞራሉ፤ ልጆቹም ሲያዩአቸው አብረዋቸው ይዞራሉ፤ ጨዋታ አድርገውታል።

የብስክሌቱን ነገር ሳንናገር መነሣት አንችልም፤ ብዙ ቃል ተወራውሮበታልና። አንዳንዶቻችሁ «የማኅበሩ ገንዘብ ለልቅሶና ለመንገድ ነው፤ ለብስክሌት አይደለም» ብላችኋል። መተዳደሪያ ደንቡ የሚለው እንደዚያው ነው፤ ተከራክረን አናሸንፋችሁም። ነገር ግን ያንን ቱቦ ያለ ቀለም የተከልን እኛ ነን። ሴንሰሯ የወለቀችው በእኛ ቱቦ ነው። አባላችን ብስክሌቱን ሙሉ በሙሉ እከፍላለሁ አሉ፤ የልጁም እናት ቁጣቸው ሲበርድ ምንም አልፈልግም አሉ፤ ሁለቱም እንቢ ሲባባሉ ሽማግሌዎች ገቡበት። የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ግማሹን አባላችን ይከፍላሉ፤ ግማሹን እኛ አምስቱ ኮሚቴዎች ከኪሳችን አዋጥተናል። ከማኅበሩ ሣጥን አንድ ሳንቲም አልወጣም። ደረሰኙ ከገንዘብ ያዣችን ዘንድ ስላለ ማየት የሚፈልግ ይጠይቅ። አዲሱ ብስክሌት ቀይ ነው፤ አይታችሁት ይሆናል።

ሁለቱ ቱቦዎች ነጭና ቀይ ቀለም ተቀብተዋል፤ ማታ በመብራት የሚያበራ ወረቀትም ተለጥፎባቸዋል። የግራው ወደ ግንቡ በግማሽ ሜትር ይጠጋል፤ ሲሚንቶው የፊታችን ቅዳሜ ይፈሳል። ጉልበት ያለው ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ አካፋ ይዞ ይምጣ።

መኪና ያላችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በሜዳው ላይ መኪናችሁን አምጡና ሴንሰራችሁ በዱላው ይፈተን። የወለቀባችሁ ወይም ድምፁን የዘጋችሁ አትፈሩ፤ ማንም አይወቅሳችሁም። የተረፈው ሙጫ በጽሕፈት ቤቱ አለ፤ ሁለት መኪና ያህል ይበቃል። ከአንድ ጊዜ በላይ ከተከፈተ ግን ስለሚደርቅ፤ የሚያስፈልጋችሁ እስከ ዓርብ ማታ ስማችሁን ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ በተሰቀለው ወረቀት አስመዝግቡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ